ካጠፋሁት አይነሳም

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። «ጊዜ ሲያልፍ ይበርድልሃል» ያሉኝ ሁሉ ተሳስተዋል፤ አልበረደልኝም። የሆነውን ከመነሻው ረጋ ብዬ ለመናገር እሞክራለሁ፤ ንዴቴን ግን እደብቃለሁ ብዬ ቃል አልገባም።

በረከት እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ቡታጅራ ነው። አባቴ በርና መስኮት የሚበይድባት ትንሽ ወርክሾፕ ነበረችው። እኔ ግን ከብየዳው ይልቅ ልቤ መኪና ላይ ነበር። ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ አይሱዙ ላይ ረዳት ሆኜ ከሆሳዕና አዲስ አበባ ስመላለስ ኖርኩ። ሹፌሩ ሲደክመው መሪውን ይለቅልኝ ስለነበር ትልቅ መኪና መንዳት የተማርኩት እዚያው መንገድ ላይ ነው። ትዳር ስይዝ ባለቤቴ ሰላማዊት «አሁንማ ቤትህ እደር» አለችኝ፤ ባጃጅ መንዳት ጀመርኩ።

ያኔ ከማንም ጋር የማልጣላ ሰው ነበርኩ። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን እዘምራለሁ። ተሳፋሪ ሲያመናጭቀኝ እስቃለሁ፣ ትራፊክ ሲቆጣኝ «እሺ ጌታዬ» ብዬ አልፋለሁ። ሰላማዊት «አንተኮ በሬ ቢረግጥህም ይቅርታ ትጠይቀዋለህ» እያለች ትቀልድብኝ ነበር።

ከተማችን ባለፉት ጥቂት ዓመታት እንዴት እንደተለጠጠች የሚያውቅ ያውቃል። ትናንት የጓሮ እንሰት የነበረበት ቦታ ዛሬ ፎቅ ቆሞበታል። መንገዱ ግን ያው አንዱ አስፋልት ነው። የአዲስ አበባውም፣ የሆሳዕናውም፣ የዝዋዩም መኪና በመሃል ከተማ ያልፋል። በዚያ ላይ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ሞተር ሳይክሉ፣ የእግረኛ መንገድ ላይ ዕቃ የዘረጋው ነጋዴ። የገበያ ቀን ሲሆን በእግር የሚሄድ ሰው በመኪና የሚሄደውን ይቀድመዋል። ጭሱን አታንሱት። ማታ ቤት ስገባ ፊቴን የጠረግኩበት ሶፍት ጥቁር ይሆን ነበር። ይህን እያየሁም «ከተማ ማለት እንዲህ ነው» ብዬ እተኛለሁ።

የዚያን ዕለት ገበያ ነበር። የአስፋልቱ አንድ ጎን ለቱቦ ተቆፍሮ አፈሩ ዳር ላይ ተከምሯል፤ ወዲያና ወዲህ የሚሄደው መኪና ሁሉ በቀረችው ጠባብ ጎን ይጋፋል። እኩለ ቀን ሲቃረብ በበርበሬ ተራ በኩል ሳልፍ አንዲት እናት መንገድ መሃል ገብተው ባጃጇን በሁለት እጃቸው ያዙብኝ።

«ልጄ፣ በአላህ ይዤሃለሁ! ሆስፒታል አድርሰን!»

ከኋላቸው አንድ ሽማግሌ የበርበሬ ጆንያ ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ትከሻቸው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ደረታቸው እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ያሰማል። ሮጬ ደገፍኳቸውና ከኋላ አስገባኋቸው። እናትየው ከጎናቸው ተቀመጡ።

«አስም አለበት» አሉኝ። «በአፉ የሚነፋው መድኃኒት አለቀበት። ጠዋት ደህና ነበር እኮ! ከመስቃን ድረስ በርበሬያችንን ይዘን እየተጫወትን ነው የመጣነው።»

ሽማግሌው ቀና ብለው በመስታወቱ ውስጥ አዩኝ። አፋቸውን ሁለት ጊዜ ከፍተው ዘጉ።

«አሰላሙ... አለይኩም» አሉኝ።

እንዲህ ሆነውም ሰላምታ አልቀረባቸውም። «ወአለይኩም ሰላም አባባ፤ አይናገሩ፣ ትንፋሽዎን ይቆጥቡ» አልኳቸውና ባጃጇን አስነሳሁ። ስማቸው ከድር እንደሆነ፣ ባለቤታቸውም ዘይነባ እንደሚባሉ የሰማሁት በመንገድ ላይ ነው። እናትየው «ከድር፣ ከድር፣ አይዞህ» ይሏቸዋል።

ሆስፒታሉ ከከተማው ወዲያ ጫፍ ነው። የውስጥ መንገዶቹ ተቆፋፍረዋል፤ አስፋልቱን ይዞ ከመሄድ ሌላ አማራጭ አልነበረም። ገና ትንሽ እንደሄድን ከፊታችን ያለው ሁሉ ቆመ። ሚኒባስ፣ አይሱዙ፣ ጋሪ፣ እንደኔው ያሉ ባጃጆች። ከኋላዬም ወዲያው ሞላ። ወደኋላ መመለስ የለ፣ ወደፊት መሄድ የለ። ሁሉም ጡሩንባውን ይነፋል፤ ሁሉም ሞተሩን እንዳስነሳ ነው።

ባጃጅ በር የላትም። ሸራውን ባወርደውም ጭሱ በየቀዳዳው ይገባል። እማማ ዘይነባ ሻሻቸውን ፈተው የባላቸውን አፍ ሸፈኑ። ሻሹ ሲሸፍናቸው አየር አነሳቸው፤ ሲነሳላቸው ጭሱን ሳቡት። የቱ እንደሚሻል አጡ። አንዴ ሸፍነው አንዴ እየገለጡ «ልጄ፣ ምንድነው የቆመው? ለምን አንሄድም?» አሉኝ።

«አይቼ ልምጣ» ብዬ ወረድኩ።

በመኪኖቹ መሃል እየተሽሎከለክሁ ሮጥኩ። ከሰልፉ ፊት ስደርስ አየሁት። ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ ከኋላው በኩል ወደ አንድ መጋዘን በር ዞሮ፣ አፍንጫውን ግን በቀረችው ጎን ላይ ገትሮ ቆሟል። መጋዘኑ ሰፊ ግቢ አለው። በሩ ክፍት ነው፤ ግቢው ባዶ ነው። ገብቶ ማራገፍ ሲችል መንገድ ላይ ቆሞ ያራግፋል። ማራገፉም ቀርቶ ወዛደሮቹ ከረጢቶቹ ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። ጋቢናው ውስጥ ማንም የለም። ሞተሩ ግን እየሠራ ነው። የጭስ ማውጫው ጥቁሩን ጭስ ወደ ቆምነው ሰዎች ይተፋዋል።

«ሹፌሩ የት ነው?» አልኩ።

«ምሳ ላይ» አለኝ አንዱ ወዛደር በአገጩ ፊት ለፊት ያለውን ምግብ ቤት እያሳየኝ።

«ሞተሩን ለምን አላጠፋውም?»

«ሞተሪኖው አይሠራም። ከጠፋ በግፊ ነው የሚነሳው።»

ምግብ ቤቱ ውስጥ ገባሁ። ሹፌሩ ጥብስ ቀርቦለት ይበላል። አብሮት የተቀመጠው የመጋዘኑና የአይሱዙው ባለቤት ጋሽ ታደሰ ነው። አውቀዋለሁ። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የምናመልከው፤ ከፊት ወንበር የማይጠፋ ሰው ነው።

«ወንድሜ» አልኩት ሹፌሩን፣ «ባጃጄ ውስጥ ሰው ሊሞትብኝ ነው። እባክህ መኪናህን ዞር አድርግልኝ።»

«እሺ፣ አሁን እጨርሳለሁ። ና፣ ቁጭ በል፣ ብላ።»

«አልሰማኸኝም? ሰውየው አስም አለበት፤ መተንፈስ አቅቶታል። ማንቀሳቀሱ ቢቀር ሞተሩን አጥፋው፤ ጭሱ እኮ እየገደለው ነው!»

«ካጠፋሁት አይነሳም። አንተ ነህ የምትገፋልኝ?» አለና ጉርሻውን ጠቀለለ።

ወደ ጋሽ ታደሰ ዞርኩ። «ጋሽ ታደሰ፣ እርስዎ ይንገሩት። ግቢዎ ባዶ ነው፤ ወደ ውስጥ ያስገባው።»

እሱም እጁን ሳይታጠብ ትከሻዬን በክንዱ ነካ አደረገኝ። «በረከት፣ ግቢው ትናንት ነው ኮንክሪት የተሞላው፤ ይሰነጠቃል። ደግሞስ ከተማውን ያጨናነቃችሁት እናንተ ባለ ባጃጆች አይደላችሁ? ዛሬ ምን ተገኘ? ጌታ ይርዳው። እኛም አሁን እንጨርሳለን።»

ጌታ ይርዳው! ይህን ቃል ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ ሰምቼ አሜን ብያለሁ። የዚያን ዕለት ግን ጆሮዬ ላይ ጋለብኝ። ጌታ ወርዶ መኪናውን እንዲያንቀሳቅስለት ነው የፈለገው? ቁልፉ ያለው ሹፌሩ ኪስ ውስጥ እንኳ አይደለም፤ መኪናው ላይ ተሰክቶ ነው።

ሮጬ ወደ ባጃጇ ተመለስኩ። የአባባ ከድር ከንፈር ጠቁሯል። ፉጨቱ ቀንሷል፤ ፉጨቱ ሲቀንስ ተሻላቸው ብዬ ነበር፤ ጭራሽ አየር እየገባ እንዳልነበረ በኋላ ነው የተነገረኝ። «ልሸከማቸው» ብዬ ጀርባዬ ላይ አዘልኳቸው። ጥቂት እንደሄድኩ ደረታቸው ጀርባዬ ላይ ታፍኖ ትንፋሻቸው ጨርሶ ተቆረጠ፤ በእጃቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። መልሼ ባጃጇ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ቁጭ ብለው ካልሆነ አይሆንም። ዙሪያችንን ከቆመው ሰው አንዱ «ውሃ ስጧቸው» ይላል፣ አንዱ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል።

እማማ ዘይነባ እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ ምን አሉህ?»

ምን ልበላቸው?

ዞሬ ሮጥኩ። የአይሱዙውን በር ከፍቼ ጋቢና ውስጥ ገባሁ። ወዛደሮቹ «ኧረ አንተ! ምን ልታደርግ ነው?» እያሉ ከከረጢቱ ዘለው ወረዱ። «ከኋላ ዞር በሉ!» ብዬ ጮህኩ። ፍሪሲዮን ረገጥኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀቅኩ፣ ማርሹን ወደኋላ አስገባሁ። በስፖኪዮው ከኋላ ሰው አለመኖሩን አየሁና ወደ ግቢው ነዳሁት። መጫኑን አልገመትኩትም። የግራው ጎን የበሩን ቋሚ መታው፤ አንዱ የበሩ ክንፍ ተገንጥሎ ወደቀ፤ መኪናው ግን ገባ። ጋሽ ታደሰ የሳሳለት ኮንክሪት ላይ አቆምኩት። ኮንክሪቱ አልተሰነጠቀም፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

ስወርድ ሹፌሩ እጁ ወጥ እንደነካው ከምግብ ቤቱ እየሮጠ መጣ። አንገትጌዬን ሊይዝ ሲል አመለጥኩትና ወደ ባጃጇ ሮጥኩ።

መንገዱ ተከፈተ፤ ሰልፉ ተንቀሳቅሶ እኛም ወደፊት ተጠጋን። ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? የተከፈተችውን ክፍተት ሁሉም በአንዴ ተሻማት። ከወዲያ የመጣ ሚኒባስ አፍንጫውን አስገባ፣ ከወዲህ አንድ ፒካፕ ገባ፤ እንደገና ሊዘጋጋ ሆነ። ያን ጊዜ እማማ ዘይነባ ሻሻቸው የሌለበት ሽበታቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ከባጃጇ ወረዱ። ሚኒባሱ ፊት ቆመው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«ከፈለግህ በኔ ላይ እለፍ!» አሉት ሹፌሩን። «ከዚህ አታልፍም!»

ሚኒባሱ ወደኋላ አለ። ባጃጇን በዚያች ክፍተት አሾለክሁ፤ እማማ ዘይነባ እየሮጡ ገቡ፤ ከዚያ በኋላ ሆስፒታሉ በር ድረስ ፍሬን የረገጥኩ አይመስለኝም።

ነርሷ ስታየን ሩጣ አልጋ አመጣች። ኦክስጅን አደረጉላቸው፤ ሐኪሙ መጣ፤ በሩ ተዘጋ። እኔና እማማ ዘይነባ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። በአፋቸው ዱዓ ያደርጋሉ። እኔም እጸልያለሁ፤ ግን ጸሎቴ መሃል ጥብስ የሚበላው ሰውዬ ፊት እየመጣ ያቋርጠኛል።

ሐኪሙ ሲወጣ ገና ፊቱን እንዳየሁ ገባኝ። «የምንችለውን አድርገናል፤ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ደርሳችሁ ቢሆን...» አለና ንግግሩን ሳይጨርስ ቆመ። ባልጀመርኩት ይሻል ነበር ብሎ ሳያስብ አይቀርም።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ እማማ ዘይነባ። አልጮሁም። ወደኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ መንገዱ ላይ የቆመው ምን ነበር?»

«ሲሚንቶ የጫነ መኪና ነው፣ እናቴ።»

«ሹፌር የለውም?»

«አለው።»

«የት ሄዶ ነው?»

አንገቴን ደፋሁ። «ምሳ እየበላ ነበር።»

ሻሻቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው፣ መልሰው ዘርግተው፣ እንደገና አጣጠፉት።

ፖሊሶች የመጡት እኔ ገና ከዚያ ወንበር ላይ ሳልነሳ ነው። የሰው መኪና ያለፈቃድ በመንዳትና ንብረት በማውደም ተከሰስኩ። አባባ ከድር እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ተገንዘው ሲወጡ እኔ ጣቢያ ቃሌን እሰጣለሁ። ቀብራቸው በዚያው ዕለት ነበር፤ አልደረስኩም። ሰላማዊት ምግብ ይዛ መጥታ በፍርግርጉ በኩል ስታየኝ «አንተ ነህ እንዲህ ያደረግከው?» አለችኝ፤ ማመን አቅቷት ነው። በማግስቱ በዋስ ወጣሁ። ሹፌሩን ማን ጠየቀው? ማንም። ጋሽ ታደሰን? ማንም። መንገድ መዝጋትና ሰው ማፈን የተለመደ ስለሆነ እንደ ጥፋት አልተቆጠረም። ጥፋት የሆነው በሩ ነው።

ጥቂት ሳምንታት አለፉና ሽማግሌዎች ገቡ። ከቤተ ክርስቲያናችን ሁለት፣ ከሙስሊሞቹ በኩል ደግሞ ሁሉም የሚያከብሯቸው ሐጂ ነበሩ። ጋሽ ታደሰ ክሱን አነሳለሁ ብሏል፤ ነገር ግን በሰው ፊት ይቅርታ እንድጠይቀው ይፈልጋል። የተቀመጥነው መጋዘኑ ፊት ካለው ዛፍ ሥር ነው፤ የተሰበረውን በር ሽማግሌዎቹ እያዩ እንዲፈርዱ ብሎ እሱ ነው እዚያ ያስቀመጠን። በሩ ገና አልተጠገነም፤ አውቆ ትቶት ይሁን አላውቅም።

እማማ ዘይነባ ሳይጠሩ መጡ። አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «የኔም ጉዳይ ነው» አሉ። ማንም ሊመልሳቸው አልደፈረም።

ጋሽ ታደሰ ረጅም ንግግር አደረገ። ልጄ ነው፣ ወንድሜ ነው፣ በክርስቶስ አንድ ነን፣ ግን ሕግ አለ፣ እንዲህ ከሆነ ነገ ሁሉም እየተነሳ የሰው መኪና ይነዳል አለ። ሐጂ ወደኔ ዞረው «አንተስ ምን ትላለህ?» ሊሉኝ ሲሉ ያው አይሱዙ መጣ። ያው ሹፌር ነው። እንደ ልማዱ በሩ ላይ ዞረና አፍንጫውን አስፋልቱ ላይ ገትሮ ቆመ፤ ሞተሩን እንዳስነሳ ወረደ። ጭሱ ተጠቅልሎ ወደ ዛፉ መጣ። ሐጂ ሳሉ። ከጎናቸው ያሉት ሽማግሌ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ አንደኛው ተነስተው መቀመጫቸውን ፈቀቅ አደረጉ። ጭሱ ተከተላቸው።

ጋሽ ታደሰ ከመቀመጫው ብድግ አለ። «አንተ! አጥፋው እንጂ! ሽማግሌ መቀመጡን አታይም?»

ሹፌሩ ተመልሶ ወጣና ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ጠፋ። ድንገት የወፍ ድምፅ ሁሉ ተሰማ።

እማማ ዘይነባ ቀስ ብለው ተነሱ። መኪናውን አዩት፤ ከዚያ ጋሽ ታደሰን አዩት።

«ጠፋ?» አሉ። «ለካ ይጠፋል!»

ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«ለከድር ጊዜ ነው ያልጠፋው። ለሽማግሌ ሲሆን ጠፋ። ከድር ሽማግሌ አልነበረም? ከበርበሬ ተራ ስለመጣ ነው?» ድምፃቸው አልጨመረም። «በሩን አይቼዋለሁ። በር ይበየዳል። ይሄ ልጅ ይቅርታ አይጠይቅም። ይቅርታ ከጠየቀ የባሌን ሞት ደህና ነው እንዳለ ነው የምቆጥረው፤ እኔም አልምረውም።»

ጋሽ ታደሰ መሬት መሬት አየ። ሐጂ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ። «እዚህ የምንፈርደው የለም» አሉ። «ታደሰ፣ አንተ ክስህን አንሳ። መኪናህን ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ግቢህ አስገባ። እኚህን ሴት ምን እንደምትላቸው ግን አንተው ከፈጣሪህ ጋር ተማከር።» ሌሎቹም ተከተሏቸው። ወዛደሮቹ አይሱዙውን እየገፉ ወደ ግቢ አስገቡት። በግፊ ተገፍቶ ሲገባ ቆሜ አየሁት። ለካ ይገፋልም።

ክሱ ተነሳ። ጋሽ ታደሰ አሁንም ከፊት ወንበር ይቀመጣል። እማማ ዘይነባን ይቅርታ የጠየቀ ዕለት ሰላም እለዋለሁ ብዬ ለራሴ ነግሬአለሁ፤ እስካሁን አልጠየቃቸውም፤ እኔም ሰላም አላልኩትም። «ክርስቲያን እንዲህ አያደርግም» የሚሉኝ አሉ። ክርስቲያን ምን እንደሚያደርግ እነሱም ያዩት ይመስለኛል።

በእኔ ላይ ምን ተለወጠ ብትሉ፣ «እሺ ጌታዬ» ማለት ተወኝ። ከባጃጅ ጓደኞቼ ጋር ሆነን ቢሮ ለቢሮ ዞርን፤ ጭነት በገበያ ሰዓት አስፋልት ላይ አይራገፍ አልን፤ እኛም በየመታጠፊያው መደርደራችንን እንተዋለን ብለን ተስማማን። አንዱ ቢሮ «ጥናት እየተሠራ ነው» አለን፤ ሌላው «የማደግ ምልክት ነው» አለን። የማደግ ምልክት! ለእማማ ዘይነባ ሄደህ ንገራቸው አልኩት፤ ከቢሮ አስወጡኝ። ቢሆንም መጋዘኖቹ አካባቢ አሁን ማለዳ ነው የሚራገፈው፤ በመመሪያ አይደለም፣ በጭቅጭቅ ነው። ወልቂጤ እህቴን ልጠይቅ ስሄድ የጅማውን መንገድ አየሁት፤ ያው ነው። አንዱ መኪናውን መሃል ላይ አቁሞ ስልክ ያወራል፣ ጭሱ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች ፊት ላይ ይበተናል፣ ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። ወርጄ በሩን አንኳኳሁ። እህቴ አፍራብኝ ነበር።

አንባቢዬ፣ እርስዎም በየከተማዎ ይህንን ያውቁታል። መጨናነቅ ሲባል እንደ ዝናብ ከሰማይ የመጣ እንመስለዋለን። ከሰማይ አልመጣም። እያንዳንዱ የቆመ መኪና ሹፌር አለው፤ ሹፌሩም እዚያው ቅርብ ቦታ ተቀምጧል። ሂዱና ጥሩት። ይሰድባችኋል፤ እኔን በየቀኑ ይሰድቡኛል። «ያ በር ሰባሪው» ይሉኛል፤ ስሜ ሆኖ ቀርቷል።

ባለፈው ገበያ እማማ ዘይነባን ከበርበሬ ተራ ወደ መናኸሪያ ወሰድኳቸው። ብቻቸውን ነው አሁን የሚመጡት። መንገድ ላይ ቆምን፤ ከፊታችን አንድ መኪና ጭሱን ይተፋል። ልወርድ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ተቀመጥ» አሉኝ። «ዛሬ ተራው የኔ ነው።» ወረዱ።